ግንቡን ተወውና ባነሩን ላክ

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የጎንደር ልጅ ነው፣ ለሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው። «ሰላም ጋሼ፣ 25 ዓመቴ ነው፣ አርት ስኩል አልተማርኩም፣ ፒያሳ አካባቢ ባነር ማተሚያ ቤት ነው የምሰራው። ለወጣት አርቲስቶች እስከ መቶ ሺህ ዶላር የሚሰጥ ሽልማት አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይስ ሽወዳ? እኔ አይነቱን ያስገባሉ? ያሉኝ ስራዎች የፋሲል ግንብ 4፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት ብራና ላይ 2፣ የእናቴ ፖርትሬት 1፣ ሌላ ደግሞ በተጣለ ባነር ላይ የሞከርኳቸው 3 ነገሮች አሉ፣ እነሱ ግን አርት ይሁኑ አይሁኑ እኔም አላውቅም። የቱን ልላክ? ስራዬንስ ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ልስጠው?»

እሺ ወንድሜ። የላክሃቸውን ፎቶዎች ሁሉንም አየኋቸው፣ ኔቱ እንደምታውቀው ስለሆነ አውርጄ ለመጨረስ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። እኔ ስዕል ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ አራት ጊዜ ደግሞ ስራ የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ትልልቅ ኮሚቴ እንዳይመስልህ፣ ሻይና ዳቦ የሚቀርብባቸው አይነት ናቸው፣ ግን የሰው ፋይል እንዴት እንደሚወድቅና እንዴት እንደሚያልፍ እዛ ነው ያየሁት። መልሱ ስለሚረዝም ቡናህን ይዘህ አንብበው።

እውነት ነው ወይ ላልከው፣ እውነት ነው። የሰማኸው ፊውቸር ጄኔሬሽን አርት ፕራይዝ የሚባለውን መሆን አለበት። በ2009 (ሌላ ካላልኩህ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የዩክሬኑ ባለሀብት የቪክቶር ፒንቹክ ፋውንዴሽን ያቋቋመው ነው፣ መጨረሻው ዙር የደረሱት ስራቸውን የሚያሳዩት ኪየቭ ያለው ፒንቹክ አርት ሴንተር ውስጥ ነው። ዕድሜው እስከ 35 የሆነ አርቲስት ከየትም ሀገር ይሁን ራሱ በኦንላይን ያመለክታል፣ ዲግሪ አምጣ የሚል የለም፣ ማመልከቻው ብር አያስከፍልም። መቶ ሺው ግን ሙሉውን ኪስህ አይገባም። 60,000 ዶላሩ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ 40,000ው አዲስ ስራ ለመስሪያ የሚውል ነው። ሌላ 20,000 ዶላር ደግሞ ልዩ ሽልማት ተብሎ እስከ አምስት ለሚደርሱ አርቲስቶች ይከፋፈላል። ይሄን የ60 እና የ40 ነገር ልብ በልልኝ፣ ከገንዘቡ ይሄን ያህል የሚያዘው ገና ላልሰራኸው ስራ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ፋይልህን የሚያየው ሰው ይሄ ልጅ ቀጥሎ ምን ሊሰራ ነው እያለ ነው የሚያየው፣ ያለቀ ስዕል ሊገዛ የመጣ ደንበኛ አይደለም። ከዚህ በታች የምልህ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

የዩክሬን ጦርነትም ስላለ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብለህ አትጠብቅ፣ ጥሪ ሲያወጡ ራሳቸው ሳይት ላይ ነው የምታየው።

እነማን ወሰዱት ብለህ ብታይ ደግሞ ይጠቅምሃል። በ2012 ሊኔት ያዶም ቦኣቺ ወሰደችው፣ ወላጆቿ ከጋና የሆኑ እንግሊዛዊት ናት፣ የምትስለው በዘይት ቀለም ሰው ነው፣ ግን ሰዎቹ በሙሉ ከራሷ ጭንቅላት የወጡ እንጂ ተቀምጠውላት የተሳሉ አይደሉም። በ2014 የአንጎላው ናስቲዮ ሞስኪቶና የኮሎምቢያው ካርሎስ ሞታ ተካፈሉት። በ2017 የደቡብ አፍሪካዋ ዲኔዮ ሴሼ ቦፓፔ፣ እሷ የምትሰራው በአፈርና በሸክላ ጭቃ ነው፣ አዎ በአፈር። በ2021 ደግሞ የአፍጋኒስታኑ አዚዝ ሃዛራ። የሱን ስራ ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ፦ አምስት ስክሪን አለ፣ አምስት ልጆች ናቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ ከካቡል በላይ ተራራ ላይ ያለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ይወጣና ንፋሱ እያንገዳገደው የፕላስቲክ መጫወቻ ጥሩምባ ይነፋል። በቃ ይሄው ነው። ጥሩምባው ገበያ ላይ የሚሸጥ የልጅ እቃ ነው፣ ንፋሱ የሀገሩ ንፋስ ነው፣ ልጁ ላለመውደቅ ይታገላል ግን መንፋቱን አይተውም። ከተማዋ በቦምብ ስትናወጥ ስንት ዓመቷ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚሰማው ሌላ ነው። ይሄን የምልህ ቪዲዮ ስራ ለማለት አይደለም፣ እነዚህ ሰዎች እጃቸው ላይ በነበረ ነገር ነው የሰሩት ለማለት ነው።

ስለሌሎቹ ቶሎ ልለፍ። ተርነር ፕራይዝ የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል፣ ከ1984 ጀምሮ ያለ የእንግሊዝ ሽልማት ነው፣ እሱ በጥቆማ ነው የሚሄደው፣ አንተ ፎርም ሞልተህ የምትገባበት አይደለም፣ የሚታጨውም ከእንግሊዝ ጋር የተያያዘ አርቲስት ነው። እሱም በ1991 ከ50 ዓመት በታች ብቻ ብሎ ነበር፣ በ2017 ጣሪያውን አነሳው፣ በዛው ዓመት ያሸነፈችው ዛንዚባር የተወለደችው ሉባይና ሂሚድ 63 ዓመቷ ነበር (ስለዚህ 35 ሲያልፍ ዓለም አያልቅም፣ ይሄን ለራሴም ነው የምናገረው)። ላንተ ደረጃ ግን የበለጠ የሚስማማው የፕሪንስ ክላውስ ሲድ አዋርድ አይነቱ ነው፣ የሆላንድ ፋውንዴሽን ነው፣ በ2021 የጀመረ፣ ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ዓመት ለሆናቸው አርቲስቶች 5,000 ዩሮ ይሰጣል። አምስት ሺህ ዩሮ ለጎንደር ልጅ ሁለት ዓመት ሳይጨናነቅ መስሪያ ነው። እኔ በግሌ መጀመሪያ ትንሹን፣ ከዛ ትልቁን እላለሁ፣ መስፈርቱ ግን በየጊዜው ስለሚቀያየር የዛን ዓመቱን ጥሪ ቁጭ ብለህ አንብብ።

አሁን አንድ የሚያስቅ ግን የሚያስለቅስ ነገር። የልደት ቀንህን በፈረንጅ ቀይር። እኔ 29 ዓመቴ ላይ ለአንድ የውጭ ሽልማት (ስሙን ተወው) ስልክ የሌለኝ ሆኜ በፖስታ ስላይድ ሰብስቤ ላክሁ፣ የዕድሜ ጣሪያው 35 ነው፣ እኔ የትውልድ ዓመቴን እንደ መታወቂያዬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍኩት። በነሱ ስሌት 37 ሆኜ ተገኘሁ። «ከዕድሜ ገደቡ ያለፉ ስለሆነ» የምትል ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣች፣ እስካሁን አለችኝ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ 7 ይደምራል፣ ከዛ ወዲያ እስከ ጳጉሜ የተወለደ 8። መስከረም 1992 የተወለደ በነሱ 1999 ነው፣ ጥር 1992 የተወለደ ደግሞ 2000 ነው። ስምህንም ፓስፖርትህ ላይ ባለው ፊደል አጻጻፍ ብቻ ጻፈው፣ አንዱ ቦታ የአያትህን ስም ጨምረህ ሌላው ቦታ ትተህ ከሆነ ገንዘብ በባንክ ሲመጣ ስም አልተገናኘም ተብሎ ወር ሙሉ ትመላለሳለህ።

ወደ ስራዎችህ እንግባ።

ግንቡ። አራት ጊዜ ስለኸዋል፣ እጅህ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሦስተኛው ላይ እንቁላል ግንቡ ላይ ያለችው የማታ ብርሃን ቆንጆ ናት። ግን አትላከው። ግንቡ ቆንጆ ስለሆነ ያንተ ስዕል ቆንጆ ሆነ እንጂ አንተ ምን እንዳየህ አይታወቅም። ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ፖስትካርድ ላይ የሚሸጥ ግንብ ነው፣ ኮሚቴው ፎቶውን ያውቀዋል። ተሽጦ የቤት ኪራይ የሚከፍልልህ ከሆነ ሽጠው፣ ምንም ነውር የለውም፣ እኔም ስንቱን ግንብ ሸጫለሁ። ፋይሉ ውስጥ ግን ከባነሩ ጎን ካስቀመጥከው ባነሩንም ይገድለዋል፣ ምክንያቱም የሚያየው ሰው ይሄ ልጅ የቱ ነው ብሎ ይጠራጠራል።

መላእክቱ ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። አንተ «ባህላችንን ለማሳየት» ብለህ ነው የሳልካቸው፣ የቤተክርስቲያኑ ኮርኒስ ላይ ያሉትን ፊቶች መስመር በመስመር ነው የገለበጥከው። እስቲ አስበው፣ ያኔ የሳሏቸው ሰዎች ራሳቸው ዘመናዊ አርቲስቶች ነበሩ እኮ። በ1591 ሮም ላይ በአረብኛ የታተመ ወንጌል ነበር፣ ስዕሎች ያሉበት፣ የኛ ሰዓሊዎች እጅ ገብቶ ከሱ አቀማመጥ ወስደዋል። ጀስዊቶች (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ያመጡት የሮማዋ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ እመቤታችን ስዕል አለ፣ እጆቿን አጣምራ ልጇን የያዘችበት፣ እሱንም ወስደው የራሳቸው አደረጉት እስከዛሬ በየቤቱ የምናየው እሱ ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ ፊት ላይ ጥላ መጣል ጀመሩ፣ ልብሱ ላይ ከውጭ የሚመጣውን አበባማ ጨርቅ ሳሉበት፣ የፊተኞቹ የማያውቁት ነገር ነው። ማለትም የጎንደር ሰዓሊ ከመርከብና ከግመል የወረደለትን አዲስ ነገር ሁሉ አይቶ የራሱ ያደረገ ሰው ነው። አንተ ዘንድ የወረደው ነገር ምንድነው? ባነር ነው። ከቻይና በጥቅል የሚመጣ ፕላስቲክ።

(ስለ መገልበጥ ካነሳን አይቀር አንድ ልጨምር። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን እዚሁ ጎንደር አባ እንጦንስ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበረውን የጥንት ስዕል አንስቶ፣ ጋስቶን ሉዊ ሩ በሚባል ሰዓሊ ኮፒ አስደርጎ፣ ኮፒውን ለኛ ሰቅሎ ዋናውን ይዞ ሄደ። ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው ያለው። ታዲያ ጎንደሬ ሆነህ ለፈረንጅ ኮፒ ልትልክ?)

የእናትህን ፖርትሬት አስቀምጠው። ስለወደድካት ነው የሳልካት፣ እሱ ይታያል፣ ለቤት ነው።

አሁን ባነሮቹ። ሦስተኛውን ፎቶ ከፍቼ ብዙ ቆየሁበት። የምርቃት ባነር ነው፣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» የሚለው ከላይ ግማሹ ቀርቷል፣ ገዋኑና ከረባቱ አለ፣ ፊቱን በቲነር ፈግፍገኸው አፍንጫና ጉንጩ ወደ ሮዝ ጭጋግ ተቀይሯል፣ ዓይኖቹ ግን አልጠፉም፣ ያዩኛል። ጥግ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ዝጋ አንድ ቡናማ መስመር ወደታች ወርዷል፣ እሷን ያልነካካሃት በጣም ጥሩ አድርገሃል። መሃል ላይ ደግሞ ንፋስ እንዲያሳልፍ በምላጭ የሚሸነተሩት ግማሽ ጨረቃዎች አሉ፣ በነሱ በኩል ከኋላ ያለው የግቢያችሁ ቆርቆሮ ይታያል። እና መልእክትህ ላይ በሁለት መስመር የጻፍካት ነገር፣ «ባነሩ ሁለት ሳምንት አጥር ላይ ይቆያል ከዛ ቅዳሜ ገበያ የሽንኩርት መሸፈኛ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ እኔ ያተምኩት መሆኑን በፎንቱ አውቀዋለሁ»፣ ኧረ ይሄ እኮ ነው ስራው! ራስህ ያተምከውን ፊት ከሽንኩርት ላይ አንስተህ መልሰህ የምታጠፋ ሰው ነህ፣ እንደዛ ያለ ሰው እኔ ሌላ አላጋጠመኝም።

ነገር ግን አልደረሰም። ሦስት ቁራጭ ሙከራ ነው፣ ስራ ለመባል ገና ነው። አንዱ ሰርግ፣ አንዱ አርባ ቀን፣ አንዱ ምርቃት፣ ሦስቱንም በተለያየ መንገድ ነው የሰራሃቸው፣ ሰርጉ ላይ በላዩ ወርቃማ ቀለም ቀብተህ አበላሽተኸዋል (ውበት ልጨምር ብለህ ነው አይደል? ታውቆብሃል)። ቢያንስ ስምንት ወይ አስር አድርስ፣ በምርቃቱ መንገድ፣ በመፈግፈግ ብቻ፣ ምንም ሳትጨምር። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሊሰለችህ ይችላል፣ ስድስተኛው ላይ ያላሰብከው ነገር ይመጣል። አንድ ጊዜ የነበርኩበት ኮሚቴ ላይ አንድ ልጅ አስራ ሁለት ስዕል ላከ፣ አስራ ሁለቱም በአስራ ሁለት አይነት ስታይል፣ ሁሉንም እችላለሁ ለማለት ነው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። ቀጥላ የመጣችው ልጅ የላከችው ስድስት የአክንባሎ ውስጥ ፎቶ ነው፣ ከስድስት ቤት፣ እንፋሎቱና ጭሱ የተወው ጥቁር ክብ ብቻ። ስለሷ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። አላሸነፈችም ሁለተኛ ወጣች፣ ግን ያሸነፈው ማን እንደነበር አሁን አላስታውስም፣ አክንባሎዎቹን ግን እስከዛሬ አስታውሳቸዋለሁ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ሳላነሳው ባልፍ ልክ አይሆንም። ባነሩ ላይ ያለው ሰው የሰው ልጅ ነው፣ ስምና ሰፈር አለው፣ ጎንደር ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። የሞተ ሰው የአርባ ቀን ባነር ላይ ፊቱን በቲነር ፈግፍገህ ብትሰቅል እናቱ ብታየው ምን ትላለች? አንተ ጥበብ ትለዋለህ እሷ ልጄን ዳግመኛ ገደልከው ትላለች። የምርቃትና የሰርጎቹን ቤተሰብ ፈልገህ ጠይቅ፣ ያተምከው አንተ ስለሆንክ ማን እንዳዘዘው ታውቃለህ፣ እሺ ያለህን ብቻ ስራ፣ በጽሑፍ ወይ በድምፅ ፈቃዱን ያዝ። የሐዘኑን እኔ ብሆን ሙሉ በሙሉ እተወዋለሁ፣ ወይም ፊቱን ሳይሆን ጽሑፉንና አበባውን ብቻ እሰራለሁ። ደፋር አርቲስት ጨካኝ ነው የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። እና መጠየቁ ራሱ ስራውን ያሳድገዋል፣ ባነራቸው የት እንደወደቀ ስትነግራቸው የሚሉህን ነገር ማታ ማታ ጻፈው።

ስለ እቃው ደግሞ። ባነር ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ እንዲለሰልስ ተብሎ ውስጡ የሚገባ ኬሚካል አለ፣ እሱ በጊዜ ብዛት ወደ ላይ እየወጣ ያወዛል። የዘይት ቀለም ላዩ ላይ ካደረግህበት ሳይደርቅ ዓመት ሙሉ ሊያጣብቅ ይችላል፣ ሰርጉ ላይ ያደረግኸው ወርቃማ ያንን እያደረገ እንደሆነ በጣትህ ንካው። የግድ ቀለም ካስፈለገህ በሳሙና ውሃ አጥበህ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሻክረህ አክሪሊክ ተጠቀም። አታጥፈው፣ ያጠፍክበት መስመር አይጠፋም። ባለ 110 የውሃ ቱቦ ላይ የተሰራበትን ፊት ወደ ውጪ አድርገህ ጠቅልለው፣ ሰው ወደ ውስጥ ነው የሚጠቀልለው ስህተት ነው፣ ሲፈታ ቀለሙ ተጨማዶ ይሰነጠቃል። በመሃል ያልታተመበት ወረቀት አድርግበት፣ ፒቪሲ ከፒቪሲ ሙቀት ሲያገኘው ይጣበቃል። እና ቲነሩን እባክህ በር ዘግተህ አትጠቀም፣ ግቢ ውጣ፣ ሳልህ ከፎቶው አይታይም ግን ከድምፅ መልእክትህ ሰምቼዋለሁ።

ፎቶው። አሁን የላክሃቸው በዚህ ሁኔታ የትም አይደርሱም፣ ስራው ተንጋዶ ነው፣ ፍላሽ አብርተህ መሃሉ ነጭ ሆኗል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገህ ስቀለው፣ ፀሐይ በቀጥታ አይንካው። ስልኩን ከስራው መሃል እኩል ቁመት ላይ ያዝ፣ ራቅ ብለህ ቆመህ በሁለት እጥፍ ዙም አንሳ፣ ቀርበህ ካነሳህ ጠርዙ ይጎብጣል። ለእያንዳንዱ ስራ ሙሉው፣ ቀለበቷና ዝገቱ የሚታዩበት አንድ ቅርብ፣ ከዛ ሰው አጠገቡ ቆሞ ትልቅነቱ የሚታወቅበት አንድ። ፊልተር የለም። ስትልክ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ፎቶ አድርገህ ሳይሆን ፋይል አድርገህ ነው የምትልከው፣ አለዚያ ጨምቆ ያበላሸዋል። አንዱንማ ሽንኩርት ላይ እንዳለ፣ ገና ሳታነሳው፣ ገበያው ውስጥ አንሳው፣ ያቺ ፎቶ ለብቻዋ አስር መስመር ጽሑፍ ታስቀርልሃለች።

ስቴትመንትህን፣ ስለ ስራህ የጻፍካትን አጭር ጽሑፍ ማለቴ ነው፣ አየሁት። «ስራዎቼ የሀገሬን ባህልና ውበት እንዲሁም የሰው ልጅን ውስጣዊ ስሜት ይገልጻሉ» ይላል። ይሄ ዓረፍተ ነገር የማንም ነው፣ የኔም፣ የጎረቤትህም፣ የሰርግ ዲኮር ድርጅትም ሊጽፈው ይችላል። እኔ ያልከኝን ሰብስቤ እንዲህ አደረግኩት፣ ቃሉ ያንተው ነው፣ መጨረሻዋን ግን ጠይቀህ ከፈቀዱልህ በኋላ ነው የምትጽፋት፦ «ጎንደር ውስጥ ቀን ቀን ባነር አትማለሁ፣ የምርቃት፣ የሰርግ። ባነሩ ሁለት ሳምንት አጥር ላይ ይቆያል፣ ከዛ ገበያ ላይ የሽንኩርት መሸፈኛ ይሆናል። ያተምኩትን በፎንቱ አውቄ መልሼ እገዛዋለሁ። በቲነር ስፈገፍገው ፊቱ ይሄዳል፣ ዓይኑ ቶሎ አይሄድም። ሰዎቹን ጠይቄ ፈቅደውልኛል።» አለቀ። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ አጭር አጭር ይሁን፣ እንግሊዝኛ የሚችል ጓደኛ ይይልህ፣ ኤአይ ላይ ጥለህ «አሳምረው» ካልከው ግን ከሺህ ሰው ጋር አንድ አይነት አድርጎ ነው የሚመልስልህ። የመላእክቱን ዓይን ከባነሩ ዓይን ጋር አታገናኘው፣ እኔም ሳየው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው የመጣብኝ ግን አንተ ከተናገርከው ርካሽ ይሆናል፣ ያየው ይበለው።

ሲቪህ ባዶ ነው ብለህ አትፈር፣ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ ብለህ ጻፍ። ከዛ በፊት ግን ለአንድ ቀንም ቢሆን አሳይ፣ ግቢያችሁ አጥር ላይ ስቀላቸው፣ ሰፈር ይምጣ፣ ቀኑንና ፎቶውን ያዝ፣ ያ ኤግዚቢሽን ነው።

ክፈል የሚልህ ከመጣ ሽሽ። ኢንስታግራም ላይ «ስራህን አይተን መርጠንሃል፣ አውሮፓ እናሳይልሃለን» ብለው ለግድግዳ ኪራይና ለካታሎግ ይሄን ያህል ዩሮ የሚሉ አሉ፣ ቫኒቲ ጋለሪ ይሏቸዋል፣ ከተማሪዎቼ አንዷ እህቷ ከዓረብ ሀገር የላከችላትን ብር በሙሉ ከፍላ ካታሎግ ብቻ ደረሳት፣ እሱም ስሟ ተሳስቶ። አንዳንድ እውነተኛ ውድድር ትንሽ የማመልከቻ ክፍያ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፣ ግን ካርድህ ላይሰራ ይችላል፣ ለዛ ብለህ ዶላር ጥቁር ገበያ ላይ አትግዛ፣ ነፃዎቹ ይበቁሃል። ስራው ራሱ የሚላክበት ቀን ከመጣ ደግሞ ጉምሩክ ላይ የድሮ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ ከቅርስ ባለሥልጣን ቀድመህ ጠይቅ። ለባነር ይስቁ ይሆናል፣ ለብራናዎቹ ግን አይስቁም።

ባይሳካስ ካልከኝ፣ ብዙውን ጊዜ አይሳካም። ሰዓሊውን እስክንድር ቦጎስያንን ታውቀዋለህ፣ ገና ልጅ እያለ በንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተሸለመው ሁለተኛ ነው፣ በዓመቱ ግን ስኮላርሺፕ አግኝቶ አውሮፓ ሄደ፣ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ወሰደ። ያኔ አንደኛ የወጣውን ስም ንገሩኝ ብላቸው ተማሪዎቼ አንዳቸውም አያውቁም። ከሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ይሄንኑ ሽልማት ያገኘው ገብረክርስቶስ ደስታም ረቂቅ ስዕሉ የኛ አይመስልም እየተባለ ይተች የነበረ ሰው ነው። በቅርቡም ቢሆን፣ በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ቢያናሌ የሚባለው ትልቁ የዓለም የአርት ኤግዚቢሽን ላይ የራሷን ማሳያ (ፓቪሊዮን) ስትከፍት ያሳየው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ፣ ከዛ ጀርመን ስቱትጋርት ተምሮ ብዙ ዓመት ሰርቶ ነው እዛ የደረሰው። ስለዚህ ዴድላይን አንድ ቢያልፍህ ባነሩ አይበሰብስም፣ ፕላስቲክ ነው።

ስራ ልልቀቅ ወይ ላልከው፣ እብድ ነህ? ባነሩ የሚመጣው ከየት ሊሆን ነው። ይልቅ አለቃህን በደንብ ያዘው፣ ያለፈውን ሦስት ዓመት ያተማችሁትን የዲዛይን ፋይል እንዳያጠፋው ለምነው፣ ሰዎቹን ፈልገህ ስትሄድ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። እና ያቺን የሰርጓን፣ ወርቃማውን ለማንሳት ብለህ አትፈግፍጋት፣ እንዳለች አስቀምጣት፣ በአካል ልያት።